የሰው ወርቅ ሲያደምቅ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ጠባብ ሱቄ የሚገባውን «ካርቲየር» የተባለ ሰዓት ሁሉ የፓሪሶቹ፣ የጌጥና የሰዓት ቤቱ የካርቲየር ሰዎች፣ ቢያዩት ራሳቸውን ይዘው ይጮሃሉ። አብዛኛው ከካርቲየር ጋር ያለው ዝምድና ገጹ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ዱባይ ያለች እህት የላከችው አለ። ለሠርግ የተበረከተ አለ። መርካቶ ተከራክረው የገዙት አለ። አራት ማዕዘን፣ የሮማውያን ቁጥር፣ ሰማያዊ ጠቋሚ፣ መሙያው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ፈርጥ። ባለቤቱ ባትሪ ሊያስቀይር ይመጣል። ክዳኑን ስከፍት አንገቱን አስግጎ ያያል። ከዚያ ያው ጥያቄ ይከተላል። «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው አይደል?»

አይደለም ማለት ይከብዳል። በተለይ ስጦታ ሲሆን። «የገባለት ባትሪ ኦርጅናል ነው» ብዬ የማልፍበት ቀን አለ።

ደግሞ የሚገርመው፣ ስሙ የተጻፈበትን ቦታ በጣት ብትሸፍኑት እንኳ «ይሄማ ካርቲየር ነው» የሚል ደንበኛ ሞልቷል። ስለ ቤቱ ምንም የማያውቅ ሰው ቅርጹን ከሩቅ ይለየዋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላ የትኛው ሰዓት ነው ስሙ ተሸፍኖ የሚታወቅ?

ሙያውን ፒያሳ ያስተማሩኝ ጋሼ ግን ለዚህ ቤት ቅንጣት ክብር አልነበራቸውም። ለሳቸው ሰዓት ማለት ኦሜጋ ነው፣ ሎንጂን ነው፤ ለሠራተኛ ሰው ደግሞ ሮመርና ሲኮ ፋይቭ። ካርቲየር ሲመጣላቸው በሁለት ጣት አንስተው «ይሄ ጌጥ ነው፣ ወደ ወርቅ ቤት ውሰዱት» ይሉ ነበር። «ውስጡን ራሱ የማይሠራ፣ ሰዓት ሠሪ ይባላል?» አነጋገራቸው እውነት አለው። ካርቲየር በታሪኩ አብዛኛውን ዘመን የሰዓቱን ማሽን ያሠራው በሌላ ሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል የኛ ሰው። ካርቲየር ግን በሰው ማሽን ከመቶ ዓመት በላይ ደምቆ ኖሯል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1847 ነው። ሉዊ ፍራንሷ ካርቲየር የሚባል ወጣት ፓሪስ ሞንቶርጌይ በሚባል መንገድ ላይ የነበረውን የጌታውን የአዶልፍ ፒካርን ወርክሾፕ ተረከበ። ጊዜው ክፉ ነበር። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፣ ንጉሡ ወረዱ። በአብዮት መሀል አልማዝ የሚገዛ ማን አለ? ሰውዬው ግን ታገሠ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሠሪነቱ ይልቅ ነጋዴነቱ ያይል ነበር። ከሌሎች ጌጥ ሠሪዎች ይገዛል፣ መርጦ ይሸጣል። በ1856 የናፖሊዮን ሦስተኛ ዘመድ የነበረችው ልዕልት ማቲልድ ደንበኛው ሆነች። ቀጥሎ የናፖሊዮን ሦስተኛ ሚስት እቴጌ ኡዤኒ መጣች። አንዷ ስትገባ ሌሎቹ ተከትለው ይገባሉ። በዚህስ ፓሪስም ቱሉ ዲምቱም አንድ ናቸው።

በ1874 ልጁ አልፍሬድ ቤቱን ያዘ። በ1899 ደግሞ ሩ ደ ላ ፔ ወደሚባለው መንገድ፣ ቁጥር 13፣ ተዛወሩ። እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው እንግዲህ የደህና ነጋዴ ታሪክ ነው፤ ብዙ አያስደንቅም። ነገሩ የሚጥመው ከሦስቱ የልጅ ልጆች በኋላ ነው። ሉዊ፣ ፒየርና ዣክ። ሦስቱ ወንድማማቾች ዓለምን ተከፋፈሏት። ሉዊ ፓሪስ ቀረ። ለንደን በ1902፣ ኒው ዮርክ በ1909 ሱቅ ተከፈተ። ዣክ ለንደንን፣ ፒየር ኒው ዮርክን ያዙ። በ1904 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ቤቱን የቤተ መንግሥት ጌጥ አቅራቢ አድርገው ሾሙት። «የነገሥታት ጌጥ ሠሪ፣ የጌጥ ሠሪዎች ንጉሥ» ብለዋቸዋል ይባላል።

ሉዊ ነው የኔ ሰው። አንድ የሚያውቀው የብራዚል ተወላጅ ነበረው፤ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን። አባቱ የናጠጡ የቡና ባለርስት ነበሩ። (ቡናው ከኛ ተነሥቶ፣ የሀብቱ ወሬ ሁሌ ከወዲያ ማዶ መምጣቱን ሳስብ አንዳንዴ እናደዳለሁ። ይለፈን።) ልጁ በቡናው ገንዘብ ፓሪስ ላይ ፊኛ ያበርራል። በ1901 በሞተር የሚሄድ ፊኛውን ይዞ የኤፍልን ማማ ዞሮ ተመለሰና ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ውድድሩ በሰዓት የተገደበ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ። እንግዲህ አስቡት። ሁለት እጅ መሪና ገመድ ላይ ነው። የወንድ ሰዓት በዚያ ዘመን ኪስ ውስጥ፣ በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ሰዓት ለማየት አንድ እጅ መልቀቅ አለበት። ሰማይ ላይ እጅ መልቀቅ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ግልጽ ነው።

ሳንቶስ ዱሞን ይህን ለሉዊ አጫወተው። ሉዊም በ1904 በቆዳ ማሰሪያ ክንድ ላይ የሚታሰር ሰዓት አሠራለት። የእጅ ሰዓት ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበረ። ግን አብዛኛው የሴት ጌጥ ነበር፤ ወንድ ቢያደርገው ይሳቅበታል። እዚህ ጋ ግን በዓለም ፊት የሚበርር ጀግና አደረገው። ማን ይስቅበት? በ1911 «ሳንቶስ» ተብሎ ለገበያ ወጣ።

የሰዓቱን መልክ ልብ በሉ። ክብ አይደለም። ጠርዙ የለዘበ ካሬ ነው። ሌላው ጌጥ ሠሪ የሚደብቃቸውን ብሎኖች ሉዊ ፊት ለፊት አሰለፋቸው። እኔ ብሎን ስፈታ ስገጥም የምውል ሰው ስለሆንኩ ይሄ ደስ ይለኛል። ብሎን አፍሮ የሚደበቅ ነገር አይደለም የሚል ሰው ወዳጄ ነው።

ማሽኑስ? በ1907 ሉዊ ኤድሞን ዬገር ከሚባል ፓሪስ ውስጥ ከሚሠራ የሰዓት ሊቅ ጋር ውል ገባ። ዬገር ደግሞ ከስዊዙ የሰዓት ማሽን ሠሪ ከሌኩልትር ጋር ይሠራ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ካርቲየሮች ሆድ ውስጥ ያለው የነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ጋሼ ይሄን ቢሰሙ «አላልኳችሁም?» ይሉ ነበር። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ሉዊ ቀጭን ማሽን ፈልጎ ነው የሄደው። ቅርጹን አስቀድሞ ጨርሷል፤ የቀረው እዚያ ቅርጽ ውስጥ የሚገባ ሆድ ነው። ሌላው ሰዓት ሠሪ ማሽኑን ይሠራና ልብስ ይፈልግለታል። ክብ ማሽን፣ ክብ ልብስ። ካርቲየር ጉዳዩን ገለበጠው።

ይሄን ግልብጥ አስተሳሰብ ከሁሉ በላይ የማየው በጠረጴዛ ሰዓቶቻቸው ነው። «ምስጢራዊ ሰዓት» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው በ1912 ወጣ፤ ሠሪው ሞሪስ ኩዌ የሚባል ወጣት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ገጹ ጥርት ያለ ብርሌ መሳይ ድንጋይ ነው። በወዲያ በኩል ያለው ግድግዳ ይታያል። መሀሉ ላይ ሁለት ጠቋሚዎች አየር ላይ ተንጠልጥለው ይዞራሉ። የሚያገናኛቸው ዘንግ የለም፣ ጥርስ የለም፣ ምንም የለም። የያኔ ገዢዎች ጉድ አሉ።

እኔም ፎቶውን መጀመሪያ ሳይ ግራ ገባኝ። ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ ሳብሰለስል አደርኩ። ዘዴው ኋላ ገባኝ። ጠቋሚዎቹ በራሳቸው አይዞሩም። የሚዞረው ገጹ ነው። እያንዳንዱ ጠቋሚ በአንድ ጥርት ያለ ክብ ሳህን ላይ ተጣብቋል። ሁለት ሳህን፣ አንዱ ለሰዓት፣ አንዱ ለደቂቃ። ሳህኖቹ ዙሪያቸውን ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ለብሰዋል፤ ጥርሱ ግን በጌጠኛው ክፈፍ ተሸፍኗል። ማሽኑ ታች መቀመጫው ውስጥ ተደብቆ፣ ጥርሱን ከሥር ይገፋዋል። ሳህኑ ሲዞር ጠቋሚው አብሮ ይዞራል። ጥርት ያለ ነገር መዞሩ ስለማይታይ ሰው የሚያየው ጠቋሚውን ብቻ ነው። ሐሳቡን ያነሡት ሮቤር ኡዳን ከሚባለው የፈረንሳይ አስማተኛና ሰዓት ሠሪ ነው። ገበያተኛው ፊት ስለ አሠራሩ እንዳይናገሩ የካርቲየር ሻጮችም ጭምር ምስጢሩ አይነገራቸውም ነበር ይባላል። ጋሼ ይሄን ባሳያቸው ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። «ጌጥ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ግን ደጋግመው ያዩት ነበር።

«ታንክ» ወደምትባለው ሰዓታቸው እንምጣ። ሱቄ የሚመጣው ፎርጅድ ሁሉ የዚህች ሰዓት ልጅ ነው። ንድፉ የ1917 ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት እየተፋፋመ ነበር። ፈረንሳዮች ሬኖ የሠራትን ትንሽ ታንክ ለጦር ሜዳ እያዘጋጁ ነበር። ሉዊ ይችን ታንክ ከላይ ሆኖ እንደሚያያት አሰበ። በሁለቱ ጎን ረጃጅም ሰንሰለታማ ጎማዎች፤ መሀል ላይ ወታደሮቹ የሚቀመጡባት ሳጥን። ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ መሀላቸው ካሬ። በቃ፣ ሰዓቷ ያቺው ናት። የጎኖቹ ዘንጎች ወደ ላይና ወደ ታች ዘልቀው ማሰሪያውን ይይዙታል። ይሄ ለኔ ቢጤ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ ሰዓት ማሰሪያው የሚገባበት ጆሮ በኋላ የተለጠፈ ይመስላል። ታንክ ላይ ጆሮው ራሱ ሰዓቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ከተቀበሉት አንዱ የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፐርሺንግ ነበሩ ይባላል። ለገበያ የወጣችው በ1919 ሲሆን የወጡትም ስድስት ብቻ ነበሩ። ሁሉም ተሸጡ። ከዚያ ወዲያ ያደረጋት ሰው ብዛት አይነገርም። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋሆል ሰዓቷን አንድም ቀን ሞልቷት አያውቅም፤ የሚያደርጋት ሰዓት ለማየት ሳይሆን መደረግ ያለባት ሰዓት ስለሆነች ነው ብሏል። ለሰዓት ሠሪ ይሄ ስድብ ነው። ቢሆንም ሳቄ መጣ። የዣክሊን ኬኔዲ ታንክ በ2017 በጨረታ 379,500 ዶላር ወጥታለች።

በነገራችን ላይ፣ ታንክ ላይ ብዙ ጊዜ የቀን ቁጥር የለም። ለኛ ሰው ይሄ በረከት ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ሰዓት ያስሞላ ሁሉ ያውቃል። የፈረንጅ ሰዓት የቀን ዲስኩ እስከ 31 ይቆጥራል። የኛ ወር 30 ላይ ያልቃል። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ደንበኛው ይመጣና «ቀኑ ተሳሳተብኝ» ይላል። ጳጉሜ ሲመጣማ አይጣል ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለ። ሰዓቱን በሐበሻ ሰዓት ስትሞሉት፣ በትክክል ከሞላችሁት ቀኑ የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ልክ የኛ ቀን በሚጀምርበት። ጥንቃቄ ካላደረጋችሁ ደግሞ ማታ 12 ላይ ይለወጥና በጠራራ ምሽት ነገ ይሆናል። ታንክ ላይ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ግልግል ነው።

ሰዓት ሠሪ ስለሆንኩ በሰዓት ላይ ዋልኩ እንጂ ገንዘቡ የነበረው ጌጡ ላይ ነው። በሕንድ የፓቲያላ ገዢ የነበሩት ማሃራጃ ያሠሩት ሐብል በ1928 ሲያልቅ 2,930 አልማዝ ነበረው። ቁጥሩን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። በ1948 ገደማ ከግምጃ ቤቱ ጠፋ፤ ዋና ዋናዎቹ ድንጋዮች የሌሉበት ቁራጩ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ተገኘ። የሚጥመኝ ግን የኒው ዮርኩ ቤት ታሪክ ነው።

ፒየር በ1917 አምስተኛው ጎዳና ላይ የአንድ ሚሊየነር ቤት ዓይኑ ገባ። ባለቤቱ ሞርተን ፕላንት ይባላል። የሰውዬው ሚስት ደግሞ ፒየር ሱቅ ውስጥ ያለ ባለሁለት ረድፍ የሉል ሐብል ዓይኗ ገብቷል። የሐብሉ ዋጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር። ያኔ ሉል ከአልማዝ በላይ ነበር፤ ጠላቂ ባሕር ውስጥ ገብቶ በዕድል ነው የሚያገኘው። ፒየር ሐብሉንና 100 ዶላር ሰጠ። ቤቱን ተረከበ። ያለ ደላላ! እዚህ ሰፈር አንድ ባለአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ለመሸጥ ስንት ደላላ እንደሚሻማ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ያለቅሳል።

ከዚያስ? ጃፓን ውስጥ ሚኪሞቶ የሚባሉ ሰው ሉልን በእርባታ ማምረት ችለው ነበር። ኦይስተር በምትባለው ባለዛጎል የባሕር እንስሳ ውስጥ ፍሬ ያስቀምጡና ይጠብቃሉ። የእርባታ ሉል ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የተፈጥሮ ሉል ዋጋ ተንኮታኮተ። ያ የሚሊዮን ዶላር ሐብል በ1957 በጨረታ ሲሸጥ 200 ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። ቤቱ ግን ዛሬም የካርቲየር ነው። በዚያ ጎዳና ላይ።

ጌጡን በኋላ የመራችው ዣን ቱሳን የምትባል ሴት ናት። በ1933 የከፍተኛ ጌጣጌጥ ኃላፊ ሆነች። የካርቲየር ነብር የሷ ነው። በ1948 ለዊንድዘር መስፍን ሚስት ከትልቅ አረንጓዴ ኤመራልድ ላይ የተቀመጠ የወርቅ ነብር ተሠራ፤ በዓመቱ ሌላ ነብር በሰንፔር ላይ። ከነብሩ ይልቅ ግን ወፏ ትበልጥብኛለች። ፓሪስ በጀርመኖች ተይዛ ሳለ ቱሳን ጎጆ ውስጥ የታሰረች ወፍ ደረት ጌጥ አሠርታ መስኮት ላይ አስቀመጠች። ጀርመኖቹ ጠርተው ጠየቋት። በ1944 ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ሌላ ወፍ ተሠራ። የጎጆው በር ተከፍቷል። ወፊቱ ክንፏን ዘርግታለች።

ለኔ ሱቅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሥራ ያመጣልኝ የ1969ኙ አንባር ነው። አልዶ ቺፑሎ የሚባል ጣሊያናዊ ለኒው ዮርኩ ቤት የነደፈው። «ላቭ» ይባላል። እጅ ላይ በብሎን ነው የሚዘጋው። ለብቻችሁ ልታጠልቁትም ልታወልቁትም አትችሉም፤ የግድ ሌላ ሰው ካቻቪቴ ይዞ መምጣት አለበት። ካቻቪቴው አብሮ ይሸጣል። ፍቅር እንዲህ ነው ማለቱ ነው ሰውዬው። የኛ ወርቅ ቤቶች ይሄን በ18 ካራትም በ21ም ይሠሩታል። ካቻቪቴውን ግን ሰው ይጥለዋል። ከዚያ እጅ ያብጣል፣ ወይ ሆስፒታል ለራጅ አውልቂ ይባላል፣ ወይ ተጣልተዋል። የት ይኬዳል? ትንንሽ ካቻቪቴ ያለው ሰዓት ሠሪ ጋ። «ወንድሜ፣ እባክህ ፍታልኝ» ብላ እጇን የምትዘረጋ ሴት ስትመጣ ምክንያቱን አልጠይቅም።

ወንድማማቾቹ አንድ በአንድ አለፉ። ዣክ በ1941፣ ሉዊ በ1942። ፒየር እስከ 1964 ኖረ። ልጆቻቸው ሦስቱን ቤቶች ተራ በተራ ሸጧቸው። የኒው ዮርኩ ሄደ፣ የፓሪሱ ሄደ፣ በመጨረሻ የለንደኑ። ይሄ የቤተሰብ ውርስ ታሪክ እዚህም የታወቀ ስለሆነ አልገባበትም።

የፓሪሱን የገዛው ቡድን ውስጥ ሮቤር ኦክ የሚባል ሰው ነበረ። የሲጋራ መለኮሻ አምራች ነው። የካርቲየርን ስም ተከራይቶ መለኮሻ ሲሸጥ ቆይቶ ኋላ ዋናውን ቤት ገዛ። ይሄ ሰውዬ በ1973 «መስት» የሚባል መስመር አወጣ፤ ልጅ እግሩም ሠራተኛውም ሊገዛ የሚችል ካርቲየር። በ1977 መስት ታንክ መጣች። ወርቅ ሳትሆን ብር ላይ ወርቅ የለበሰች። ጊዜው የጃፓን ባትሪ ሰዓት ስዊዞቹን ያንገዳገደበት ነው። ብዙ ስመ ጥር ቤቶች በዚያ ዓመታት ተዘጉ። ካርቲየር ማሽን ስላልነበረው የሚከስረው ፋብሪካም አልነበረውም። ቅርጹ ውስጥ ያሻውን ሆድ አስገብቶ ቀጠለ። ጋሼ ነውር ያሉት ነገር ክፉ ቀን አሻገረው።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ከመሐረብ ውስጥ ሰዓት ፈታ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። የእናቷ ነው። እናቷ በደርግ ጊዜ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ፤ አለቃቸው አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ነው።

«ባትሪው ካለቀ ቆይቷል» አለችኝ። «የማንም ሱቅ የዚህ ባትሪ የለንም አሉኝ።»

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አጠለቅኩ። መጀመሪያ የሮማውን ሰባት አየሁ። እግሩ ላይ ያለችው አንዷ ቀጭን መስመር፣ መስመር አይደለችም። ጸጉር የሚያህሉ ፊደላት ናቸው፤ «ካርቲየር» ይላሉ። ቤቱ ይችን ፊርማ ቁጥሩ ውስጥ የሚደብቀው ለፎርጅድ ሠሪ ነው። መርካቶ ያለው መስመሩን መስመር አድርጎ ይተወዋል፣ ወይ ፊደሉ ይጨማለቃል። ቀጥሎ ጠቋሚዎቹን ወደ መብራት አዘነበልኳቸው። ሰማያዊው ቀለም አልነበረም። ብረት ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ድንገት ሰማያዊ። አንድ ትንፋሽ ከዘገያችሁ ሰማያዊው ሸሽቶ ግራጫ ይሆናል። ፒያሳ ሳለን በስፒሪት መብራት ላይ የነሐስ ብናኝ ዘርግተን ብሎን እንዲህ እናደርግ ነበር። ቀለም ከሆነ ዘንበል ስታደርጉት አይለወጥም። ይሄ ግን ከጥቁር ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ ጥቁር ሄደ።

ገለበጥኩት። 925 ይላል፤ ብር ነው። ሃያ ማይክሮን ወርቅ የለበሰ መሆኑም ተጽፏል። ጠርዞቹ ላይ ወርቁ አልቆ ነጭ ብሩ ብቅ ብሏል፤ እናትየው ጠረጴዛ ላይ ክንዳቸውን አሳርፈው ሲጽፉ የኖሩበት በኩል ይበልጥ ሳስቷል። በጎንና ጎኑ ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች ፈታሁ። ማሽኑ የስዊዙ የማሽን ፋብሪካ የኢቲኤ ነው፤ የሰው። በእጅ የሚሞላ።

«እህቴ» አልኳት፣ «ይሄ ሰዓት ባትሪ ኖሮት አያውቅም።»

«እንዴት?»

«በየቀኑ ትሞይዋለሽ። ይችን ወደፊት ታዞሪያታለሽ።»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ያን ሁሉ ዘመን መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የኖረው ማንም ስላልሞላው ነው።

እርግጥ ዘይቱ ደርቆ ነበር። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ በወረንጦ መልሼ ገጠምኩት፣ ዘይት በመርፌ ጫፍ አስነካሁት። ስሞላው ተነሣ። ልትወስድ ስትመጣ «ጠርዙ ቢወለወል? አዲስ ወርቅ ቢነከር?» አለች። እንቢ አልኳት። ሃያ ማይክሮን ማለት እንኳን መወልወያ፣ ጠንከር ያለ ጨርቅም የሚፈራ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ማሽን ላይ ከወጣ የቀረውም ወርቅ ይሄዳል። ታክሲ ላይ ማድረግ የሚያስፈራ እንደሆነም ጠየቀችኝ። «እዚህ ሰፈር ማን ኦርጅናል ነው ብሎ ይጠረጥራል?» አልኳት።

ዛሬ ቤቱ ሪሽሞን የሚባለው የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ነው። ሪሽሞንን በ1988 ያቋቋሙት ዮሐን ሩፐርት ደቡብ አፍሪካዊ ናቸው፤ ስለዚህ የነገሥታቱ ጌጥ ሠሪ ጉዳይ በመጨረሻ አፍሪካዊ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። በ2001 ላ ሾ ደ ፎን በምትባለው የስዊዝ የሰዓት ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ተከፈተ። በ2010 የራሳቸውን ማሽን አወጡ። ስሙን 1904 አሉት፤ ለሳንቶስ ዱሞን ሰዓት መታሰቢያ። ጋሼ ይሄን አልደረሱበትም። ቢደርሱበት እንኳ «መቶ ዓመት ቆይተው!» ነው የሚሉት።

እኔን ያሳሰበኝ የ2021ዷ ታንክ ናት። በብርሃን ትሠራለች። ፀሐይ የሚቀበለው ነገር ገጹ ሥር ነው ያለው፤ ግን ገጹ ላይ ምንም አይታይም። የሮማውያኑን ቁጥሮች ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በስተዋቸዋል፤ ብርሃኑ በቁጥሮቹ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ከ1912ቱ ምስጢራዊ ሰዓት ወዲህ ያለ ተንኮል ነው። እነሱ እንደሚሉት 16 ዓመት ገደማ ሳትከፈት ትሠራለች። ባትሪ በመቀየር ለሚኖር ሰው መልካም ዜና አይደለም። ቢሆንም ውስጧን ማየት እፈልጋለሁ። 2021 ላይ 16 ሲጨመር 2037 ነው። ያኔ ከእናንተ አንዱ እጁ ላይ ብትቆምበት፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ዓይኔ ከፈቀደልኝ ለመክፈቻ አላስከፍልም።